አራት ዘፈን ይበዛበታል

ጋሼ የምላቸው ሰው እንግሊዛዊ ናቸው። ፊት ለፊት በስማቸው ነው የምጠራቸው፤ እንግሊዝኛ አንተና አንቱን ስለማይለይ በልቤ «ጋሼ» እንደምላቸው አያውቁም። በርሚንግሃም ውስጥ የመኪና ዕቃ በሚያመርት አንድ አነስተኛ ፋብሪካ፣ በሌሊት ፈረቃ፣ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ ቆርቆሮውን ከመጭመቂያው ማሽን ሥር አስገባለሁ፤ እሳቸው ተጨምቆ የወጣውን እያገላበጡ ይመረምራሉ። በዕረፍት ሰዓት እኔ ምሳ ዕቃዬን ስከፍት እሳቸው ስልካቸውን ይከፍታሉ። ከስልኩ የሚወጣው ሄቪ ሜታል የሚሉት የሮክ ሙዚቃ ከማሽኑ ድምፅ ብዙም አይለይም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሰማነው ጩኸት ያልበቃቸው ምን ዓይነት ሰው ናቸው እያልኩ ነበር ሽሮዬን የምበላው።

አንድ ሌሊት ጓንት ሳላጠልቅ ቆርቆሮ ሳነሳ አዩኝ። ማሽኑን አስቆሙና፣ «በዚህች ከተማ ሁለት የጣት ጫፎች ምን እንደወለዱ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ። የቶኒ አዮሚን ታሪክ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ልጁ 17 ዓመቱ ነበር፤ የሚሠራው እንደ እኛው ብረት በሚጨመቅበት ፋብሪካ ነው። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የመሐልና የቀለበት ጣት ጫፎች ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው በእነዚያው ጣቶች ነበር። የፋብሪካው አለቃ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አመጣለት፤ ራይንሃርት እሳት እጁን ጎድቶት ጊታር በሁለት ጣት የሚጫወት ሰው ነበር። አዮሚ ይህን ሰምቶ የሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቀለጠና ለሁለቱ ጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፤ በላያቸው ላይ ከአሮጌ ጃኬት የቆረጠውን ቆዳ ለጠፈ። እንዳያመውም ቀጫጭን ክር ፈለገ፤ በኋላ ክሩን አላልቶ ቃናውን ዝቅ አደረገው። በ1970 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው ብላክ ሳባት የዚህ ልጅ ባንድ ነው።

ጋሼ የፈለጉት ጓንት እንዳጠልቅ ነበር። እኔ ግን ሐሳቤ የሄደው ወደ ቆዳዋ ነው። እናቴ በዐቢይ ጾም የዓለሙ አጋን በገና በካሴት ትከፍትልን ነበር። በገና አሥር አውታር አለው፤ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ እንዚራ ይሏታል። ያንን ንብ የገባበት ቀፎ የሚመስል ጉርምርምታ የምታወጣው እሷ ናት። ፈረንጅ ጊታሩን እንዲህ ለማስጉረምረም ኤሌክትሪክ አስፈለገው፤ የእኛዎቹ በቁራጭ ቆዳ ጨርሰውታል። ይህንን ለጋሼ በስልኬ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና፣ «ይኼ ሰው ጸሎት ላይ ነው ወይስ ሊገድለን ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ተግባባን።

የአገሬን ሮክ ሲጠይቁኝ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ከፈትኩላቸው። ከዘፈኑ ይልቅ ዓይናቸውን ያበራው የአልበሙ አዘጋጅ ስም ነበር፦ ቢል ላስዌል። በ1986 የእንግሊዙን ባንድ የሞተርሄድን አልበም ያዘጋጀው እሱ ነው። «እናንተ ጋ ድረስ መጥቷል?» አሉ፤ እኔም እንደ ጎረቤት ልጅ ኮራሁ።

ጠባችን የጀመረው በኤፕሪል 2023፣ የአሜሪካው ባንድ ሜታሊካ «72 ሲዝንስ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ነው። ርዕሱ የሰውን ልጅ የመጀመሪያ 18 ዓመታት ይቆጥራል፤ ለዓመት አራት ወቅት ሲታሰብ 72 ይመጣል። ድምፃዊው ጄምስ ሄትፊልድ እንዳስረዳው ሰው የሚቀረጸው በእነዚያ ዓመታት ነው፤ በኋላ የምንኖረው አብዛኛው ኑሮ የልጅነታችን ድግግሞሽ ወይም ለልጅነታችን የምንሰጠው ምላሽ ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን የወጣሁት በ18 ዓመቴ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያው አልበሙ የተሠራው ላንተ ነው» ብለው ደመደሙ። እኔ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ገበሬ ዘንድ ዓመት ማለት ክረምትና በጋ ስለሆነ ይዤ የወጣሁት 36 ወቅት ብቻ ነው ብዬ ተከራከርኩ። በመንገድ ያለፈውን፣ ሱዳንን፣ ሊቢያንና ባሕሩን፣ በየትኛው ወቅት እንደምቆጥረው እስካሁን አልቆረጥኩም።

አልበሙን ግን ከልቤ ሰማሁት፤ ሁለት ሳምንት ወደ ሥራ ስሄድና ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ። 12 ዘፈን፣ 77 ደቂቃ። «ሉክስ ኤተርና» ሦስት ደቂቃ ተኩል ሳይሞላው ገብቶ መትቶ ይወጣል፤ የሠላሳ ዓመት ወጣቶች የሠሩት ይመስላል። የመጨረሻው «ኢናሞራታ» 11 ደቂቃ ይወስዳል፤ ርዝመቱ አይከብድም፤ መሐል ላይ ቤዝ ጊታሩ ብቻውን ሲቀር የሆነ ሰው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ከራሱ ጋር ሲያወራ የሰማሁ መሰለኝ። በሁለቱ መካከል ያለው ግን አስመረረኝ። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲጀምር ፌርማታው ይለወጣል እንጂ ዜማው አይለወጥም። ለጋሼ፣ «አራት ዘፈን ይበዛበታል» አልኳቸው።

አኮረፉ። ሦስት ሌሊት ሙሉ በዕረፍት ሰዓት ስልካቸውን በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሰሙ።

ያስታረቀን ጁዳስ ፕሪስት ነው። እነሱም የዚሁ አካባቢ ልጆች ናቸው። በማርች 2024 «ኢንቪንሲብል ሺልድ» የሚል አልበም አወጡ፤ የማይበገር ጋሻ እንደማለት ነው። የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1974 ያወጡ ሰዎች ከ50 ዓመት በኋላ ምን ይቀራቸዋል ብዬ ነበር ያዳመጥኩት። ድምፃዊው ሮብ ሃልፎርድ ያኔ 72 ዓመቱ ነው፤ ቁጥሯ እንዴት እንደምትከተለን ተመልከቱ። ቀረርቶ እየሰማ ያደገ ሰው ሃልፎርድን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። «ፓኒክ አታክ» ላይ ድምፁን ወደ ላይ ሲሰቅለው፣ በጥምቀት ማግስት ፈረስ ጉግስ ሜዳ ላይ ጎፈሬያቸውን የነቀነቁ ሽማግሌዎች ታወሱኝ። ፉከራ ነው፤ ራስን ማወደስ፣ ጠላትን ማሳነስ፣ ጋሻን መጥራት።

ፎካሪ ደግሞ የሚያምርበት ቁስል ሲኖረው ነው። ከሁለቱ ጊታር ተጫዋቾች አንዱ ግሌን ቲፕተን የፓርኪንሰን በሽታ እንዳለበት ለሕዝብ የተነገረው በ2018 ነው፤ እንደ ቀድሞው መድረክ ለመድረክ አይዞርም፤ በአልበሙ ላይ ግን እጁ አለበት። ሌላው ሪቺ ፎክነር በ2021 አሜሪካ ውስጥ መድረክ ላይ ሳለ ከልቡ የሚወጣው ዋናው የደም ሥር ተቀደደበት፤ ዘፈኑን ጨርሶ ነው ወደ ሆስፒታል የሄደው። እነዚህ ሰዎች «የማይበገር» ሲሉ ጉራ አልመሰለኝም። አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፦ የድራሙ ድምፅ ታጥቦና ተተኩሶ የወጣ ሸሚዝ ይመስላል። ከፋብሪካ ከተማ ለወጣ ባንድ ትንሽ ዘይት ቢፈስበት እመርጥ ነበር። ጋሼ በዚህ እንኳን ተስማሙ፤ ያውም ሻይ እየጋበዙኝ።

ቤት ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ስትሰማ፣ «ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው? ጠበል አልወሰዱትም?» ነበር ያለችኝ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ድምፅ ማጉያዬ ላይ ጠበል ረጭታ ጠበቀችኝ። እሱስ ይሠራል፤ የቀኙ ግን ትንሽ ያፍናል። ሌላ ጊዜ የድሮ የብላክ ሳባት ፎቶግራፍ አሳየኋት፤ አራቱም በአንገታቸው ትልልቅ መስቀል አንጠልጥለዋል። መስቀሎቹን ከአሉሚኒየም የሠራላቸው የድምፃዊው የኦዚ ኦዝቦርን አባት፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ናቸው። ግጥሙን የሚጽፈው ጊዘር በትለር ከካቶሊክ ቤት የወጣ መሆኑንም ጨመርኩላት። «መስቀል ያሠረ ሁሉ አማኝ ነው?» አለችኝና ወደ ወጧ ተመለሰች። መልስ አልነበረኝም።

የጳጳስ ልብስ ለብሶ የሚዘፍነው የስዊድኑ ጎስት በኤፕሪል 2025 «ስኬሌታ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ደግሞ ፎቶውን ከእሷ ደበቅኩ። የሚገርመው፣ አልበሙ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። ልጄ ትወደዋለች። ለእኔ ስኳር የበዛበት ሻይ ነው፤ የመጀመሪያው ጉንጭ ይጣፍጣል፣ ብርጭቆው ሳያልቅ ይሰለቻል።

ከዚህ ሁሉ ግን ሌሊት ላይ ብቻዬን የምመለስበት ሌላው የስዊድን ባንድ፣ ኦፔት ነው። በኖቬምበር 2024 የወጣው አልበማቸው አንድ ኑዛዜ ነው። ነገሩ የሚሆነው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ አባት ሞቷል፤ ልጆቹ ተሰብስበው ኑዛዜው ይነበባል፤ በየአንቀጹ ምስጢር ይወጣል። ከመጨረሻው በቀር ዘፈኖቹ ስም እንኳን የላቸውም፤ እንደ ሰነድ አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት እየተባሉ ይሄዳሉ። ከ2008 አልበማቸው ወዲህ የተዉት የሚያጓራው ድምፅ እዚህ ተመልሷል፤ የተመለሰውም ለጌጥ አይደለም፤ ሟቹ አባት ከመቃብር ሲናገር ሌላ በምን ድምፅ ይናገራል? የእንግሊዙ ባንድ የጄትሮ ተል ድምፃዊ ኢያን አንደርሰን ደግሞ እንደ ንባብ አድርጎ ይናገራል፣ ዋሽንትም ይነፋል።

የአያቴ ኑዛዜ የተነበበ ዕለት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የነፍስ አባቱ ወረቀቱን ዘርግተው «ጥቁሩ በሬ ለ…» ብለው ሲጀምሩ አጎቴ ተነስቶ ወጣ። ማንም አልጮኸም። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ከአጎቴ ጋር የተነጋገረው በሽማግሌ በኩል ብቻ ነው፤ እኔ ከአገር እስክወጣ ድረስ እንደዚያው ነበሩ። በዚያን ቀን በክፍሉ ውስጥ የነበረው ዝምታ ድምፅ ቢኖረው የኦፔትን ይመስላል። ጋሼ ግን፣ «በጣም ይማራል» አሉ፤ የተማረ ሙዚቃ ነው፣ አያስጨፍርም ማለታቸው ነው። ወደዱትም ጠሉትም ይህ የእኔ የዓመቱ አልበም ነበር።

ጋሼ ጡረታ የወጡት በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው። ጁላይ 5 ቀን ብላክ ሳባት እዚሁ ቪላ ፓርክ ስታዲየም የመጨረሻውን ትርኢት ሲያሳይ ትኬት አላገኘንም፤ በእሳቸው ቤት በቴሌቪዥን ተመለከትነው። አራቱ የመጀመሪያ አባላት ከ2005 ወዲህ አብረው መድረክ ላይ ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ቆሙ ማለት እንኳን ይከብዳል፤ ኦዚ ጥቁር ዙፋን ላይ ተቀምጦ ነው የዘፈነው፤ ሊነሳ ይፈልጋል፤ እግሩ እንቢ ይለዋል። አራት ዘፈን ብቻ ተጫወቱ። ጋሼ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ኦዚ ያረፈው ከ17 ቀን በኋላ፣ ጁላይ 22፣ በ76 ዓመቱ ነው።

አስከሬኑ ጁላይ 30 በብሮድ ስትሪት ሲያልፍ ከጋሼ ጋር እንደምሄድ ለባለቤቴ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በማለዳው የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ሰውዬው አዝነዋል አላልክም? ለቅሶ ባዶ እጅ አይኬድም።»

መንገዱ በሺዎች በሚቆጠር ሰው ተሞልቷል። የናስ መሣሪያ ነፋሾች የሳባትን ዜማ እየተጫወቱ ከፊት ሄዱ። በባንዱ ስም በተሰየመው ድልድይ ላይ፣ የአራቱ ምስል ካለበት መቀመጫ አጠገብ መኪናው ቆመና ቤተሰቡ ወረደ፤ በአበባው ክምር ፊት ሲያለቅሱ አየናቸው። እንደ አገሬ ሙሾ አውራጅ የለም፣ ደረት የሚመታ የለም፤ ግን ሰው ስሙን እየጠራ ይጮኻል፤ ለእኔ ብዙም አልራቀብኝም።

ሰልፉ ካለፈ በኋላ ቦዩ ዳር ተቀመጥን። ዳቦውን ፈታሁት። ጋሼ ቆረሱ፤ አጠገባችን የተቀመጠ ክንዱ ሙሉ የተነቀሰ ሰውም የዘረጋንለት መሰለውና ቆርሶ ወሰደ፤ ጓደኞቹም ተከተሉት። ግማሹ አለቀ። ጋሼ ፍርፋሪውን ከጺማቸው እያራገፉ ወደ ውኃው እያዩ ቆዩ።

«72 ሲዝንስን ደግሜ ሰማሁት» አሉኝ።

«እና?»

«ሁለት ዘፈን ይበዛበታል።»

«አራት» አልኳቸው።

«ሦስት» አሉና ሌላ ቁራሽ ወሰዱ።