ሦስት ወር የበላብኝ የባክቴሪያ ዕድሜ

ይህን የምጽፈው ያኔ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ማክሮፌጅ (ባክቴሪያ የሚውጥ የሰውነት መከላከያ ሴል) ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚተርፍ ለማየት ከተነሳችሁ፣ መጀመሪያ የእኔን ስህተት ስሙ።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ከአይጥ መቅኒ በ7 ቀን ማክሮፌጅ ታሳድጋላችሁ። ለአንድ ሴል 10 ባክቴሪያ ትጨምራላችሁ። ውጭ የቀረውን ባክቴሪያ ጄንታማይሲን በሚባል አንቲባዮቲክ ትገድላላችሁ፤ መድኃኒቱ ወደ ጤነኛ ሴል በቀላሉ ስለማይዘልቅ ውስጥ ያለው ይተርፋል። ሴሉን አፍርሳችሁ ከውስጡ የወጣውን ባክቴሪያ ሳህን ላይ ታሳድጋላችሁ፣ የበቀለውን ክምር (ኮሎኒ) ትቆጥራላችሁ። በቃ።

እኔ ግን የምቆጥረው አጣሁ። ሳህኑ ባዶ። በሳምንቱም ባዶ። ማክሮፌጆቼ ባክቴሪያውን ውጠው የጨረሱት መሰለኝና ደስ ብሎኝ ለአለቃዬ ነገርኩት። "ፕሮቶኮሉን ብቻ ተከተል" አለኝ። ተከተልኩ። ሦስት ወር ሙሉ!

አንድ ቀን ማታ ጄንታማይሲኑን ከመጨመሬ በፊት የማክሮፌጆቹን ሳህን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት። ተዘርግተው መጣበቅ የነበረባቸው ሴሎች እንደ ፊኛ አብጠዋል። ገሚሶቹ ተነቅለው ይንሳፈፋሉ። ትራይፓን ብሉ የሚባል ቀለም ጠብ ሳደርግበት ሰማያዊ ሆኑ። በሕይወት ያለ ሴል ያን ቀለም አያስገባም። ለካ ሽፋናቸው ተበስቶ፣ ጄንታማይሲኑ በቀዳዳው እየገባ ባክቴሪያውን ሲጨርስልኝ ከርሟል። ማክሮፌጆቼ አላሸነፉም፤ ሞተው ነበር።

ጥፋቱ የባክቴሪያው ዕድሜ ነው። ፕሮቶኮሉ በፍጥነት እየተባዛ ያለውን ተጠቀም ይላል። ለአንጀት ሽፋን ሴል ትክክል ነው፤ በዚያ ዕድሜ ሳልሞኔላ ሴል ሰብሮ የሚገባበትን መርፌ መሰል መሣሪያ ታጥቋል። ማክሮፌጅ ግን የመርፌውንና የጅራቱን ፕሮቲን ውስጡ ሲያገኝ ኤን ኤል አር ሲ 4 የሚባለው ጠባቂ ካስፔዝ 1 የሚባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፣ ሴሉም ራሱን ያፈነዳል። ፓይሮፕቶሲስ ይባላል። ለሰውነት ትልቅ መከላከያ ነው። የእኔን ቆጠራ ግን ገደል ከተተው።

ሌሊቱን አድሮ እድገቱን ያቆመ ባክቴሪያ ስጠቀም በመጀመሪያው ሙከራ ኮሎኒ ወጣ።

አሁን ትራይፓን ብሉ ሳላይ ጄንታማይሲን አልጨምርም፣ የትኛውም ፕሮቶኮል ባይጠይቀኝም። የጄንታማይሲኑን መጠንም በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ላይ እስከ መጨረሻው አልተወውም፤ ከ1 ሰዓት በኋላ ወደ 10 አወርደዋለሁ። ማክሮፌጅ በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ ሲምግ ይውላል፣ መድኃኒቱም ቀስ እያለ ውስጡ ይጠራቀማል።

አለቃዬን ብቻ አልወቅስም። በኋላ ደብተሬን ሳገላብጥ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ገጽ ጥግ ላይ በእጄ ጽፌ አገኘሁት፦ "ሴሎቹ አብጠዋል እንዴ?"