«ብልሽት ያለበት ፋይል»

የአድማጩ አቤቱታ የተመዘገበበት ቲኬት አሁንም ሲስተሙ ላይ አለ። ርዕሱ «ዘፈኑ መሀል ላይ ይቆረጣል» ይላል። ከሥሩ አለቃዬ በአንድ መስመር ዘግተውታል፦ «ብልሽት ያለበት ፋይል። ከዝርዝሩ ይውጣ።» ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ግን «ብልሽት» የምትለዋን ቃል ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ያንገበግበኛል።

የምሠራው የሙዚቃ ማሰራጫ ውስጥ ነው፤ ፕሌይሊስት አዘጋጃለሁ፣ ሮክና ሜታሉ የእኔ ድርሻ ነው። ፕሮግረሲቭ ሜታልን፣ ያን ረዘም ያለና ውስብስብ የሜታል ዓይነት፣ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው መግቢያ የሚሆን 40 ዘፈን ምረጥ ተባልኩ። ድሪም ቲያትር ገባ፣ ኩዊንስራይክ ገባ፣ ኦፔዝ ገባ፤ ማንም ምንም አላለኝም። ፌትስ ዋርኒንግ ላይ ስንደርስ አለቃዬ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርኩ ይመስል አንደበቴ ተፈታ። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ፣ ኮኔቲከት፣ ሃርትፎርድ ውስጥ እንደተመሠረቱ፣ ዛሬ ፕሮግረሲቭ ሜታል ለምንለው ነገር መሠረት ከጣሉት መካከል እንደሆኑ ነገርኳቸው። በ1989 «ፐርፌክት ሲሜትሪ» ላይ ኬቨን ሙር ኪቦርድ ተጫውቶላቸዋል፤ በ1991 «ፓራለልስ» ላይ ደግሞ ጄምስ ላብሪ ተቀባይ ሆኖ ዘፍኖላቸዋል። እነዚሁ ሁለት ሰዎች በ1992 በድሪም ቲያትር «ኢሜጅስ ኤንድ ወርድስ» ላይ አሉ፤ ያ አልበም አሜሪካ ውስጥ የወርቅ ደረጃ አግኝቷል። እንግዳ ሆነው የመጡት ሰዎች በየቤቱ ሲገቡ ባለቤቶቹ ደጅ ቀሩ፣ አልኩ።

አለቃዬ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጆሮም አላቸው። ከዚያ፦

«እንዲህ ያሉ ከሆኑ፣ ወንድሜ፣ እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን በዚህ ሥራ ስቆይ እንዴት ስማቸውን አልሰማሁም?»

መልስ አጣሁ። አጠገቤ የነበረ ባልደረባዬ «ግራንጅ ነው የበላቸው» ብሎ ሊያግዘኝ ሞከረ፤ ኒርቫናን የመሰሉ ባንዶች ያመጡት ሮክ ገበያውን ወሰደባቸው ማለቱ ነው፤ ስብሰባውም በዚያው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። የግራንጅ ነገር ብዙ ሰው የሚያምነው ምክንያት ነው። ቀኑም ያስታል፤ የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» የወጣው በመስከረም 1991 ነው፣ «ፓራለልስ» ከአንድ ወር በኋላ። ታዲያ ድሪም ቲያትር ስሙ የገነነው በማግስቱ ዓመት አይደለም እንዴ? ዘፈናቸው «ፑል ሚ አንደር» ከስምንት ደቂቃ በላይ ነው፤ ለሬዲዮ አሳጠሩት፣ ኤምቲቪም ደጋግሞ አሳየው። የኩዊንስራይክ «ሳይለንት ሉሲዲቲ» በዚያው በ1991 በአሜሪካው የዘፈን ሰንጠረዥ በቢልቦርድ 9ኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። ዘመኑ በሩን ዘግቶ ከነበረ እነዚህ በየት ገቡ?

እንደ እኔ ከሆነ ጉዳዩ የሚጀምረው ከበስተጀርባ ካለው ክንድ ነው። ኩዊንስራይክ ኢኤምአይ ጋር ነበር፣ ድሪም ቲያትር አትኮ ጋር፤ ሬዲዮ ጣቢያ ለጣቢያ ዞሮ የሚያስደምጥ ሠራተኛ ያላቸው የሙዚቃ አሳታሚ ቤቶች ናቸው። ፌትስ ዋርኒንግ የወጣው ከሜታል ብሌድ ነው። ሜታል ብሌድ ለሜታል ትልቅ ውለታ የዋለ ኩባንያ ነው፣ ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ግን ራሱን ችሎ የቆመ ቤት አቅሙ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከባንዱ ከራሱ ይመጣል፤ እኔም የምወዳቸው በዚሁ ነው። ከአልበም አልበም አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አልበሞች የዘፈነው ጆን አርች ነው፤ ድምፁ ሽቅብ የሚወጣ፣ ዜማው የሚጠማዘዝ። በ1986 የወጣውን «አዌክን ዘ ጋርዲያን» የወደደ ሰው በ1988 «ኖ ኤግዚት» ላይ ሬይ አልደርን አገኘ፤ ሌላ ድምፅ፣ ሌላ ጠባይ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚሄድ አንድ ዘፈን። ያንን ሲለምድ «ፓራለልስ» መጣለት፤ ራሽ የተባለውን ባንድ አልበሞች ፕሮዲውስ ያደረገው ቴሪ ብራውን የሠራው፣ ጥርት ያለ፣ ዘፈን ዘፈን የሚሸት አልበም። ለገበያው በጣም የተጠጉት ያን ጊዜ ነው። እና በ1997 ምን አደረጉ? «አ ፕሌዘንት ሼድ ኦፍ ግሬይ»ን አወጡ። ሙሉ አልበሙ ከ50 ደቂቃ በላይ የሚወስድ አንድ ሙዚቃ ነው፤ 12 ክፍል አለው፣ ክፍሎቹም ከቁጥር በቀር ስም የላቸውም።

በእኛ ሥራ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ይገባዋል። «ፓርት 4» ብላችሁ ፈልጉ እስቲ። የትየለሌ ነገር ይመጣል፣ እነሱ ግን አይመጡም። እኛ ቤት ዘፈን እንደተሰማ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲያልፍ ነው፤ ጊታሪስቱ ጂም ማቲዮስ ደግሞ በ30 ሰከንድ ገና ድባቡን እያበጀ ነው። ሙዚቃውን ባወጡበት ዓመት ስለዚህ ስሌት ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ ቢያውቁም የሚለውጡት አይመስለኝም።

ያን ሳምንት ግን እልህ ይዞኛል። በስብሰባው ያልመለስኩትን በጆሮ ልመልስ ብዬ ከዚህ አልበም መካከለኛ ክፍሎች አንዱን አውጥቼ ዝርዝሩ ውስጥ ከተትኩት። አውቅ ነበር። ክፍሎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲያልቅ ዝምታ የለም፣ ከበሮው እየመታ ቀጣዩ ተጀምሯል። ዝርዝሩ ደግሞ ሹፍል ላይ ነበር፤ ዘፈኖቹን በዘፈቀደ እያፈራረቀ ያጫውታል። የማርክ ዞንደር ከበሮ በሁለቱ ክፍሎች ወሰን ላይ እየተሻገረ ሳለ ቀጥ ይልና የሌላ ባንድ ጊታር ይጮኻል። በጆሮ ማዳመጫ ሞክሬዋለሁ፤ ደረጃ ሲወርዱ የመጨረሻዋን እንደመሳት ነው፣ እግር መሬት ፈልጎ አየር ያገኛል። ያም ሆኖ ተውኩት። ሰዎች ይስሙት ብዬ።

በሦስተኛው ቀን ከአንድ አድማጭ ያ አቤቱታ መጣ። ሙሉው ይህ ነበር፦ «ይህ ዘፈን መጨረሻው የት ሄደ? ሦስቴ ሞከርኩት፣ ሦስቴም አንድ ቦታ ላይ ተቆረጠ።»

ሦስቴ! ከ40 ዘፈን መሀል አንዱን ሦስት ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰምቶ ቀሪውን የሚጠይቅ ሰው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ወደ አለቃዬ ቢሮ ስገባ እሳቸው ቲኬቱን ቀድመው አይተውታል።

«ፋይሉ ተበላሽቷል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ፋይሉ ደህና ነው። ቀጣዩ ክፍል አለ፤ ሙዚቃው እዚያ ይቀጥላል።»

«አድማጩ ተቆረጠብኝ ብሏል።»

«ተቆርጦበታል፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሙዚቃው ግን ምንም አልሆነም።»

«ልዩነቱ ለማን ነው?» አሉ፤ ቁጣ የለባቸውም። «ለሰሚው ብቻውን መቆም የማይችል ነገር ብልሽት ነው። ብቻውን የሚቆም ስጠኝና አስገባዋለሁ።»

ይህቺን ንግግር ስንቴ እንዳመላለስኳት። ስለ ዝርዝሩ ካሰብነው እውነታቸውን ነው፤ መግቢያ በር ላይ የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ ማሳየት የእኔ ጥፋት ነበር። ስለ ባንዱ ግን ተሳስተዋል፣ ዛሬም ይህን እላለሁ። በ2016 የጥንቶቹ አባላት ከጆን አርች ጋር ተሰባስበው ጀርመን ውስጥ ኪፕ ኢት ትሩ ፌስቲቫል ላይ «አዌክን ዘ ጋርዲያን»ን ሙሉውን ተጫውተዋል፤ አልበሙ 30 ዓመቱ ነበር። ተበላሸ የሚባል ነገር 30 ዓመት ጠባቂ አያገኝም። እኛ ቤት የሚታየው የሳምንት ሰንጠረዥ ነው፤ 30 ዓመት የሚታይበት ዓምድ የለውም። እነሱ ደግሞ ከ2004 እስከ 2013 በፌትስ ዋርኒንግ ስም አዲስ የስቱዲዮ አልበም ሳያወጡ መቆየት የሚችሉ ሰዎች ናቸው። በየሳምንቱ ለሚቆጥር ገበያ ዘጠኝ ዓመት ዝም ያለ ባንድ የለም ማለት ነው።

ብቻውን የሚቆም አሉኝ፣ ሰጠኋቸው። ከ«ፓራለልስ» ላይ «አይ ቱ አይ»ን። አራት ደቂቃ ገደማ ነው፣ ቶሎ ይገባል፣ ያምራል። አለቃዬ ቆመው ሰሙት፤ «ይኸው፣ ነበራቸው እኮ!» አሉ። እስከ ዛሬ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ስኪፕ የሚያደርገውም ጥቂት ነው። ከእሱ ተነስቶ ወደ 12ቱ ክፍሎች የሚዘልቅ ሰው ሲገኝ እከታተላለሁ፤ እስካሁን ብዙ አላየሁም። የቀለለው ዘፈን ሰውን ያስገባል፣ የገባው ሰው ግን የሚፈልገው ያንኑ የመሰለ ሌላ ዘፈን ነው፤ እነሱ ደግሞ ያንን ደግመው አልሠሩለትም።

ቲኬቱ ከመዘጋቱ በፊት ለአድማጩ መልስ መጻፍ ነበረብኝ። የተዘጋጀው ጽሑፍ «ለተፈጠረው ብልሽት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። አጠፋሁትና የአልበሙን ማስፈንጠሪያ አስቀምጬ ከሥሩ ይህን ጻፍኩ፦ «መጨረሻው እዚህ አለ። ግን ከክፍል 1 ይጀምሩት፤ ሹፍሉንም ያጥፉት።»