ባሕር በሌለበት አገር መጥለቅ፦ የመጀመሪያ ዓመቴ

ሲያትል እያለሁ ዳይቪንግ፣ ማለትም የአየር ታንክ ተሸክሞ ውኃ ውስጥ መጥለቅ፣ ከሥራ ወጥቶ ቡና እንደመጠጣት ነበር። ዕቃዬ የሚያድረው መኪናዬ ኋላ ላይ ነው። ምዕራብ ሲያትል ኮቭ ቱ የሚባለው ቦታ አቆማለሁ፣ ድራይሱቴን (ውኃ የማያስገባውን ልብስ) እለብሳለሁ፣ ከዳር በእግሬ እገባለሁ። ውኃው ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ግን ያ ትልቁ የፓስፊክ ኦክቶፐስ ከግንድ ሥር አድፍጦ ሲያይህ ብርዱን ትረሳዋለህ። ከዚያ ባለቤቴ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ሥራ አገኘችና ጓዛችንን ጠቅልለን ሄድን።

እናቴ በስልክ ስትሰማ «እሰይ! ከዚያ ባሕር ገላገለኝ!» ነው ያለችው። አልፈርድባትም። አዲስ አበባ ተወልጄ ዋና በ31 ዓመቴ የተማርኩ ሰው ነኝ። ጓደኞቼም ዕቃህን ሽጠው አሉኝ። ፎቶ ሁሉ አንስቼ ነበር።

ሳልሸጠው የቀረሁት አንድ ነገር ስለገባኝ ነው። ዴንቨር አካባቢ ዳይቪንግ የሚያስተምሩ ሱቆች አሉ። ሱቅ ካለ ተማሪ አለ፣ ተማሪ ካለ ደግሞ የመጨረሻውን ፈተና ከገንዳ ውጭ፣ ሜዳ ላይ ባለ ውኃ ውስጥ መውሰድ አለበት። ስለዚህ አዲስ ከተማ ስትገቡ «የት ይጠለቃል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ተማሪዎቻችሁን የት ነው የምትፈትኑት?» በሉ። እኔ ታንክ ላስሞላ ገብቼ ይህንን ስጠይቅ፣ ልጁ ወረቀት ላይ ሦስት ስም ጻፈልኝ።

የመጀመሪያው የከተማው የውኃ ማጠራቀሚያ ነው፣ አውሮራ ሪዘርቫየር። ከቤቴ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። እውነቱን ልናገር፣ አያምርም። እኔ በገባሁባቸው ቀናት ከሦስት ሜትር በላይ አርቄ አላየሁም። ላይ ላዩ ሞቅ ይላል፤ ትንሽ ወረድ ስትል ድንገት ፍሪጅ የተከፈተብህ ይመስልሃል።

እዚያ ነው የተዋረድኩት። ሲያትል እንዳልንሳፈፍ ወገቤ ላይ የምታጠቀውን የእርሳስ ብረት ክብደት እንዳለ ይዤ ገባሁ። የባሕር ውኃ ጨው ስላለበት ከጨው አልባው ከ2 እስከ 3 በመቶ ይከብዳል፣ ያን ያህል አብልጦ ያንሳፍፋል። እኔ ከነዕቃዬ 110 ኪሎ ገደማ ነኝ፤ ስለዚህ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል መቀነስ ነበረብኝ። አልቀነስኩም። እንደ ድንጋይ ወርጄ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ደለሉ ተነሣና የገዛ እጄን ማየት አቃተኝ። አብሮኝ የነበረው ልጅ እየሳቀ የሚተነፍስበት ሬጉሌተር ከአፉ ሊወጣ ነበር።

ግን እርሳሱ ቀላሉ ነገር ነው። የከበደኝ ከፍታው ነው። ማጠራቀሚያው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ከሐዋሳ ትንሽ ከፍ ይላል። እዚያ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠረፉን 80 በመቶ ያህል ነው። ከውኃ ስትወጣ የሚቀበልህ አየር ሳስቶ ስለሚጠብቅህ፣ ጠልቀህ ስትተነፍስ ሰውነትህ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊጎዳህ ይቀለዋል። ስለዚህ እዚህ 18 ሜትር የወረደ ሰው የጥልቀትና የቆይታ ገደብ በሚያሳየው የጠላቂዎች ሰንጠረዥ ላይ 22 ሜትር ያህል እንደወረደ አድርጎ ነው የሚያሰላው። አዳዲሶቹ የዳይቭ ኮምፒውተሮች ይህንን ራሳቸው ያውቁታል። የእኔ አሮጌ ስለሆነ ከፍታውን በእጅ መሙላት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ይህን ያወቅሁት ከሦስተኛው ጠለቃ በኋላ ነው። ዘጠኝ ሜትር እንኳ አልፌ ስላልወረድኩ ነው እንጂ!

ሁለተኛው ስም ብሉ ሆል ነበር። ኒው ሜክሲኮ፣ ሳንታ ሮዛ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከእኛ ስድስት ሰዓት ያህል ያስነዳል። መሬቱ ደረቅ፣ ቀይ፣ አቧራ ነው፤ በመሀሉ ክብ ሰማያዊ ዓይን ተከፍቷል። አፉ 18 ሜትር ያህል ስፋት፣ ጥልቀቱ 25 ሜትር ገደማ። ከሥሩ ምንጭ ስላለው ውኃው ሁሌም ይታደሳል፤ ሙቀቱም ክረምት ከበጋ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለመጥለቅ ፈቃድ ይከፈላል። ታች ወደ ዋሻው የሚያስገባው በር በብረት ፍርግርግ ተዘግቷል፣ በ1976 ሁለት ወጣቶች እዚያ ሞተዋል። ፍርግርጉ ጋ ደርሼ በእጄ ነክቼው ተመለስኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪ ስለሚበዛ ይደፈርሳል። እሑድ በማለዳ ገብቼ ከታች ቀና ስል ግን የጉድጓዱ አፍ በሙሉ፣ ዳር ላይ ከቆሙት ሰዎች ጋር፣ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከሲያትል ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «አዎ፣ እዚህ መኖር ይቻላል» አልኩ።

ሦስት ጊዜ ጠልቄ፣ ዕቃዬን ጭኜ፣ ሰኞ ሥራ ስላለብኝ ልወጣ ስል አንድ ሽበታም ሰውዬ መኪና ማቆሚያው ላይ «በየት ነው የምትመለሰው?» አሉኝ። ራቶን በሚባለው የተራራ መሻገሪያ በኩል አልኳቸው። «ራቶን ስንት ሜትር ከፍታ እንዳለው ታውቃለህ?» አላውቅም።

2,388 ሜትር ነው። በቃ አዲስ አበባ ማለት ነው! የአውሮፕላን ውስጥ አየርም ቢበዛ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን አየር እንዲመስል ተደርጎ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ከብሉ ሆል ወጥቶ በቀጥታ ራቶንን መሻገር ጠልቆ አውሮፕላን እንደመሳፈር ነው። አንዴ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ እንዳይበር ይመከራል፣ ይህንንማ ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ። ግን ተራራ በመኪና መሻገርን ከበረራ ጋር አያይዤ አስቤው አላውቅም። ሲያትል እኮ ከውኃ ወጥቼ የምሄደው ያው ባሕር ጠረፍ ላይ ወዳለ ቤቴ ነው። ያን ቀን ሞቴል ያዝኩና ለአለቃዬ ደወልኩ። ምን ብዬ ላስረዳው? «ተራራው እስኪፈቅድልኝ እየጠበቅሁ ነው» ልበል? ሆዴን አሞኛል አልኩ።

አሁን ጉዞ የማቅደው ከኋላ ወደፊት ነው። መጀመሪያ የመመለሻ መንገዱን ከፍታ አያለሁ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ጠለቃ ሰዓት እወስናለሁ። ቅዳሜ ጠልቄ እሑድ ጠዋት አርፋለሁ፣ ከሰዓት እነዳለሁ።

ሦስተኛው ዩታ፣ ሚድዌይ ያለው ሆምስቴድ ክሬተር ነው። ይህ ፍልውኃ ነው፣ ቀልዴን አይደለም። የኖራ ድንጋይ ጉልላት ሠርቶ ከመሬት ወጥቷል፣ አናቱ ተበስቶ ብርሃን ይገባል፤ ውኃው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው፣ ጥልቀቱ 20 ሜትር ገደማ። በዋሻ በር ነው የሚገባው። በረዶ እየጣለ በቁምጣና በቲሸርት ጠለቅሁ። የማትጠልቀው ባለቤቴም ዳር ላይ ተዘፍዝፋ «ለምን ይሄኛውን አስቀድመህ አላመጣኸኝም?» አለችኝ። የሚታይ ነገር ግን ብዙ የለም፣ ሙቀቱ ነው ዋናው። መመለሻው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በአይዘንሃወር መሿለኪያ ከመጣችሁ 3,400 ሜትር ነው፣ ከእንጦጦ ጫፍ በላይ። በዋዮሚንግ በኩል ከዞራችሁም ከ2,600 ሜትር አያመልጥም። ሁለት ሌሊት አደርን።

የዓመቱ ሒሳብ 23 ጠለቃ ነው። ሲያትል ከ60 አላንስም ነበር። ኦክቶፐሱ ይናፍቀኛል፣ አልዋሽም። ለመስከረም ሳንታ ሮዛ ለመሄድ አስቤያለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ሁለት ቦታ አለ፣ ዴንቨር አካባቢ የመጥለቅ ፈቃድ ያላችሁ ሐበሾች ካላችሁ ንገሩኝ። ሞቴሉን እንካፈላለን።

እናቴ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስትደውል ሳንታ ሮዛ እዚያው ሞቴል አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ሰዓት እየቆጠርኩ ነበር። «ደጋ ላይ ነህ አይደል ልጄ?» አለችኝ። ገና አልወጣሁም እማዬ፣ ነገ እወጣለሁ አልኳት።