54ኛውን ማሳቹሴትስ አራት ኪሎ ላይ ማሰለፍ፦ ከቀለሙ በፊት ወረቀቱ

ጥቃቅን የፕላስቲክ ወታደሮችን ቀለም መቀባቱን ማንም ሰው በልምምድ ይደርስበታል። ከውጭ የመጣላችሁን እሽግ ከጉምሩክ ማስለቀቁን ግን አስቀድሞ የሚነግር የለም፤ ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት በጥቃቅን የፕላስቲክ ወታደሮች የሚሠሩ ብዙዎች በሰሜኑ ጦር ዝነኛ ክፍል፣ በአይረን ብርጌድ ይጀምራሉ። ጥቁር ባርኔጣው ያምራል፣ አልክድም። ለእኔ ግን በዚያው በሰሜኑ ወገን ከተዋጋው ከ54ኛው የማሳቹሴትስ ሬጅመንት የሚበልጥ የለም። ለነጭ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈል ለእነዚህ ጥቁር ወታደሮች 10 ተባለ፤ ከዚያም ላይ 3 ለልብስ ይቆረጣል። አንቀበልም ብለው ያለ ደመወዝ ተዋጉ። ጁላይ 18 ቀን 1863 እ.ኤ.አ. 600 ያህል ሆነው የደቡቦቹን ምሽግ ፎርት ዋግነርን ሲያጠቁ ከ250 በላይ የሚሆኑት ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ተማረኩ። እኔም የሠራሁት የዚያን ምሽት ሰልፍ ነው።

ልኩ 1/72 ነው፤ ሰውየው ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። አንዱን ለአሥር ሰው ቆጥሬ 60 ወታደር አሰለፍኩ። ለዚህ ሁለት ሳጥን ይበቃል።

ችግሩ ሳጥኑ አዲስ አበባ ሲደርስ ነው። ሽፋኑ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሠራዊት ተስሏል። ላኪው ቅጹ ላይ «ወታደሮች፣ የእርስ በርስ ጦርነት» ብሎ ከጻፈ ደግሞ አለቀ። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ሥዕሉን አይቶ፣ ውስጡን ሳይከፍት፣ «ወታደራዊ ቁሳቁስ» ብሎ ይመዘግበዋል። ቀጥሎ «ከሚመለከተው አካል የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» ይባላል። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ አይነገርም። የጦር መሣሪያ ጉዳይ የያዘው ክፍል «አሻንጉሊት አይመለከተንም» ይላል፤ ልክ ነው፣ አይመለከተውም። ሌላውም እንዲሁ። ስለ አሻንጉሊት ወታደር ደብዳቤ የመጻፍ ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት ስለሌለ ደብዳቤው መቼም አይገኝም፤ በዚህ መሀል የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥራል። ሳጥኑን ከፍቶ አንዲት ፍሬ በጣት ማንሳት የሚፈታውን ጉዳይ ሰው ከቢሮ ቢሮ ማንከራተት እስካሁን ያበሳጨኛል።

ስለዚህ ምክሬ ከመስኮቱ ከሚባለው ተቃራኒ ነው፦ ደብዳቤ ፍለጋ አትሂዱ። ማመልከቻ ጻፉ፤ ለሠራተኛው ሳይሆን ለቡድን መሪው። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፤ እሽጉ እናንተ ባላችሁበት እንዲከፈትና ዕቃው በታሪፍ ቁጥር 9503 እንዲመደብ። ይህ ቁጥር አሻንጉሊቶችንና ለመዝናኛ የሚሆኑ በመጠን ያነሱ ሞዴሎችን የያዘው ነው። ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ አድርጉና ቁጥርና ቀን የሰፈረበትን ቅጂ ያዙ። በቃል «ነገ ይምጡ» ማለት ይቀላል፤ ቁጥር ለያዘ ወረቀት ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።

ከሁሉ የሚሻለው ከምንጩ መጠንቀቅ ነው። ላኪው በጉምሩክ መግለጫው ላይ «ያልተቀቡ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች፣ 9503» ብሎ ይጻፍ፤ እውነትም ነው። የዋጋ ደረሰኙ እሽጉ ላይ በውጭ ይለጠፍ፣ ቅጂው እናንተ ጋ ይኑር። በዚያው እሽግ የሚረጭ ቀለም አታስገቡ፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአየር መልእክት አይፈቀድም፣ ወታደሮቹንም ይዞ ይቀራል። አክሪሊክ ቀለም አዲስ አበባ ካሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ይገኛል።

የቀረው ቀላል ነው። ወታደሮቹን በለብታ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፤ ከፋብሪካ የወጣ ቅባት አለባቸው። የተጣመመ ጠመንጃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አቅኑና ወዲያው ቀዝቃዛ ውስጥ ክተቱ። ሳጥኑ በቀጥታ ቀቡ ቢልም አትስሙት፤ ፕላስቲኩ ሲተጣጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል። 3 እጅ ነጭ ኮላ በ1 እጅ ውሃ አቅጥናችሁ አስቀድማችሁ ቀቡ፤ ኮላው ከደረቀም በኋላ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ ይለመጣል። አንድ ቀን ይድረቅ፣ በክረምት ሁለት።

ኮቱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሱሪው ውሃ ሰማያዊ ነው። ኮቱን በደንቡ መሠረት ብትቀቡት በዚህ ልክ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ በ4 እጅ ላይ 1 እጅ ግራጫ ጨምሩ። የያዙት የእንግሊዙን ጠመንጃ ኤንፊልድን ስለሆነ አፈሙዙ እንደ አሜሪካው ስፕሪንግፊልድ ብር አይመስልም፣ ጠቆር ይበል፤ የሰደፉ ጫፍና የምላጩ መከለያ ናስ ናቸው። ፊታቸውን በአንድ ቡናማ መጨረስ ነውር ነው፤ ቢያንስ አራት ዓይነት ቀይጡ። መኮንኖቹ ነጮች ነበሩ።

አብዛኛው ሰው የሚስተው ሰልፉን ነው። እንደ ፖስተር ተበታትነው የሚሮጡ አድርጎ ያቆማቸዋል። 54ኛው ግን በሁለት ክንፍ ተከፍሎ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ባሕሩን በቀኝ ረግረጉን በግራ አድርጎ ነው የገሰገሰው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክንፍ 30፣ በሁለት ረድፍ 15 በ15። 60 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ኮምፖርሳቶ ይበቃል፤ ኮላ ቀብታችሁ ደቃቅ አሸዋ ነስንሱበት። ሳንጃ ሁሉ የተሰካ ይሁን። ሁለቱን ባንዲራ አንድ ላይ አታቁሙ፦ የአገሪቱ ባንዲራ ከኮሎኔል ሮበርት ጉልድ ሾው ጋር ከፊተኛው ክንፍ፣ የግዛቲቱ ከምክትሉ ከሃሎዌል ጋር ከኋለኛው ነበር። ሃምሳ አለቃ ዊልያም ካርኒ ቆስሎም ሳይጥል ያወጣው የፊተኛውን ነው፤ የክብር ሜዳይ የተሰጠው በ1900 እ.ኤ.አ. ነው። ባንዲራውን የተረከበው ያዡ ሲወድቅ ስለሆነ እሱን ከባንዲራ ያዡ አጠገብ አቁሙት።