የመንደራችንን ክለብ ታሪክ እንዴት እንደጻፍኩት

የመንደር አማተር ክለብ ታሪክ ጋዜጣ ላይ ተፈልጎ አይገኝም። ያለው ሰው ጋር ነው። የቀድሞ ተጫዋቾቻችን አንድ በአንድ ሲያልፉ ታሪኩም አብሯቸው እየሄደ መሆኑ እረፍት ነሳኝ፤ ለመጻፍ ተነሳሁ።

“ክለቡ መቼ ተመሠረተ?” ብሎ መጀመር ብዙም አያስኬድም። ሁሉም የየራሱን ዓመት ይነግራችኋል። “ያኔ በረኛው ማን ነበር? ጎሉ መረብ ነበረው? ማሊያውን ማን ገዛው?” ስትሉ ግን ጨዋታው ይደራል።

ዓመቱን ከኳሱ ሕግ ማውጣት ይቻላል። ይህን ሳውቅ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አንድ የቀድሞ ተከላካይ፣ ኳሷን በእግሩ ለበረኛው እየመለሰ፣ በረኛውም በእጁ እያነሳ ሰዓት እንዴት እንደሚገድሉ አጫወተኝ። ያንን የሚከለክለው ሕግ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ሌላው ቢጫ ካርድ ያየበትን ቀን ተረከልኝ። ካርድ ሥራ ላይ የዋለው በ1970ው የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ስለሆነ፣ ነገሩ ከዚያ ወዲህ ነው። የነጥብ ሰንጠረዥም ይናገራል። ለአሸናፊ 3 ነጥብ መስጠት በእንግሊዝ ሊግ የተጀመረው በ1981 ሲሆን የዓለም ዋንጫ የደረሰው በ1994 ነው። ድል 2 ነጥብ የተያዘበት ወረቀት ካገኛችሁ አትጣሉት። ግን አዲስ ሕግ መንደር እስኪደርስ ይቆያል። ስለዚህ “ከዚህ ወዲህ ነው” የሚለው ያስተማምናል፤ “ከዚህ በፊት ነው” ለማለት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። በአንድ የደበዘዘ የቡድን ፎቶ ላይ አንዱ ልጅ ቀኝ እግሩ ላይ ብቻ ታኬታ አድርጓል። አጠገቡ የቆመው ደግሞ ግራው ላይ ብቻ። ፎቶውን ያሳየኋቸው አባት ጣታቸውን ልጁ ላይ አሳርፈው፣ “ይሄ እኔ ነኝ። ያለችን አንድ ጥንድ ነበረች። እኔ በቀኝ ነበር የምመታው፣ እሱ በግራ፤ ተካፈልናት” አሉኝ። የሁሉንም ስም እዚያው ፎቶው ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ። የነገ ተመልካች ማንንም አያውቅም።

ኳስ ያልተጫወቱትንም ጠይቁ። ማሊያ ያጠቡትን፣ መስመር ያሰመሩትን፣ መዋጮ የሰበሰቡትን። እኔ ሁነኛ ማስረጃ ያገኘሁት ሒሳብ ያዥ ከነበሩ ሰው ነው። የደረሰኝ ጉርዶቹን በላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠዋቸው ነበር፤ ቀን አላቸው፣ የከፋዩ ስም አላቸው፣ ለምን እንደተከፈለም ተጽፏል። ክለቡ ተከታትሎ የተሸነፈባቸውን ዓመታት ያወቅኩት ከዚያ ነው። ተጫዋቾቹ ስለነሱ ብዙ አላነሱልኝም። እኔ ግን ሰፊ ቦታ ሰጠኋቸው፤ ዋንጫ በሌለበት ዘመን መዋጮ የከፈለ ሰው ነው ክለቡን ያቆየው።

ያልተፈታ ነገርም አለ። አንድ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ የተሻረችው ጎል ኦፍሳይድ ነበረች ወይስ አልነበረችም? የመስመር ዳኛው የሚሉትና አጥቂው የሚሉት አይገናኝም። እኔ አልፈረድኩም፤ የሁለቱንም ቃል እንደነገሩኝ ጎን ለጎን አስፍሬዋለሁ።