አሻራችን የሚመረመርበት ከተማና ሴናተር ሮበርት በርድ

በአሜሪካ ለመኖሪያ ፈቃድ ወይም ለዜግነት ያመለከተ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አሻራ የሰጠበትን ቀን ያስታውሳል። የእኔ ጣቶች በብርዱ ደርቀው ስለነበር መሣሪያው አልቀበል አለ፤ ሠራተኛዋ እርጥብ ጨርቅ አቀብላኝ፣ አውራ ጣቴን በእጇ ይዛ መስታወቱ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ አንከባለለችልኝ። ያ አሻራ ወዴት እንደሚሄድ በጊዜው አልጠየቅሁም፤ ዋሽንግተን ውስጥ ካሉት ትልልቅ ሕንፃዎች በአንዱ የሚመረመር ይመስለኝ ነበር። የሚሄደው ግን በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል፣ ክላርክስበርግ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወዳለው የኤፍቢአይ ማዕከል ነው። ማዕከሉ እዚያ የተተከለው ሴናተር ሮበርት በርድ የመንግሥት ገንዘብ እዚያ እንዲወጣ ስላደረጉ መሆኑን ካወቅሁ ጀምሮ፣ አንድ የሕዝብ ተወካይ የጋራውን ገንዘብ ወደ ተመረጠበት አካባቢ መምራቱ እስከምን ድረስ ተገቢ እንደሆነ ሳስብ ቆይቻለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በርድ በ1917 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ተወለዱ። እናታቸው እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው የ1918ቱ ወረርሽኝ ስለሞቱ፣ አክስታቸውና የአክስታቸው ባል ወስደው በዌስት ቨርጂኒያ የከሰል ማዕድን ሠፈሮች አሳደጓቸው። አሳዳጊ አባታቸው ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። በ1952 ለተወካዮች ምክር ቤት፣ በ1958 ደግሞ ለሴኔት ተመርጠው፣ ሰኔ 2010 እስኪሞቱ ድረስ 51 ዓመት በሴናተርነት አገለገሉ። በወጣትነታቸው የነጭ የበላይነትን የሚሰብከው የኩ ክለክስ ክላን ቡድን አባል እንደነበሩና የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ አጥብቀው እንደተቃወሙ ጥቁር ሆኜ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ኋላ ላይ በአባልነታቸው እንደሚጸጸቱ ደጋግመው ተናግረዋል፤ የእኔ ጉዳይ ግን ዛሬ ስለ በጀቱ ነው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በሕግ ካልተፈቀደ በቀር ከግምጃ ቤት ገንዘብ እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህም በየዓመቱ 12 የበጀት ሕጎች በሁለቱም ምክር ቤቶች የበጀት ምደባ ኮሚቴዎች በኩል ያልፋሉ። በርድ በ1989 መጀመሪያ ላይ የሴኔቱን የአብላጫ መሪነት በፈቃዳቸው ለቀው የዚህን ኮሚቴ ሊቀመንበርነት ያዙ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ከከፍተኛው ወንበር ወርዶ ዝቅ ወዳለው መሄድ ሊመስል ይችላል፤ እሳቸው ግን ለዌስት ቨርጂኒያ የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 1 ቢሊዮን ዶላር ለክፍለ ግዛታቸው እንደሚያመጡ ቃል ገቡ፤ ካሉት ጊዜ ቀድመውም ከዚያ በላይ አመጡ።

የኤፍቢአይ የአሻራ ክፍል ከዋሽንግተን ተነሥቶ በ1995 በክላርክስበርግ ሥራ ጀመረ፤ ከ1998 ጀምሮም የጦር መሣሪያ ገዢዎች ማንነት የሚጣራበት ሥርዓት ከዚያው ይመራል። የብሔራዊ ዕዳው መሥሪያ ቤት ሥራ ወደ ፓርከርስበርግ ሄደ። ባሕር የሚባል ነገር በሌላት ክፍለ ግዛት የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የኮምፒውተር ማዕከል ተከፈተ፤ ብዙዎች የሚሳለቁበት ይህ ነው፣ ነገር ግን ኮምፒውተር የባሕር ዳርቻ አያስፈልገውም። በግሪን ባንክ የነበረው ትልቅ የራዲዮ ቴሌስኮፕ በ1988 በአንድ ምሽት ሲፈርስ፣ በምትኩ የሚሠራውን ገንዘብ ያስገኙት በርድ ናቸው። በ2000 የተመረቀውና በስማቸው የተጠራው ቴሌስኮፕ ወደፈለገበት አቅጣጫ መዞር ከሚችሉት የዓለማችን ራዲዮ ቴሌስኮፖች ሁሉ ትልቁ ነው። ያልተሳካላቸውም አለ፤ በ1991 በርካታ የሲአይኤ ሠራተኞችን ወደ ጄፈርሰን ካውንቲ ለማዛወር ቢጥሩም በተወካዮች ምክር ቤት በተነሣው ተቃውሞ ዕቅዱ ቀረ።

ባለፈው መከር ከምኖርበት ሰሜን ቨርጂኒያ ተነሥቼ በርድ ገንዘብ ያስገኙላቸውን መንገዶች በዓይኔ ላይ ሄድሁ። ከስትራስበርግ ወደ ምዕራብ ሲኬድ መንገዱ ጠባብ ነው፤ በየኩርባው ፍሬን እየያዝሁ፣ ከፊቴ የሚያዘግም የእንጨት ጭነት መኪና ስላጋጠመኝ ዳገቱን በሙሉ ከኋላው ተጎተትሁ። ድንበሩን ተሻግሬ ዋርደንስቪልን ካለፍሁ በኋላ ግን አገሩ ተለወጠ። አራት መስመር ያለው ሰፊ ጎዳና ተራራውን ሰንጥቆ፣ ሸለቆውን በረጅም ድልድይ ተሻግሮ ይሄዳል፤ ጭነት መኪናውም ቀኙን ይዞ አሳለፈኝ። መንገዱ ኮሪደር ኤች ይባላል፤ የአፓላቺያን ተራሮች ሕዝብ ከገበያና ከሆስፒታል ጋር እንዲገናኝ በ1965 በወጣው ሕግ ከተጀመሩት ጎዳናዎች አንዱ ነው። ለነዳጅ በቆምሁበት ጣቢያ ሒሳብ የምትቀበለኝን እናት ስለ መንገዱ ብጠይቃቸው፣ ልጃቸው ቀድሞ ሁለት ሰዓት ይፈጅበት የነበረውን የሥራ መንገድ አሁን በአንድ ሰዓት እንደሚጨርስ፣ መንገዱ ባይኖር ኖሮ ቤተሰቡ አገሩን ለቆ ይሄድ እንደነበር ነገሩኝ። በርድን በስማቸው አልጠሯቸውም፤ «ሴናተሩ» ብቻ ነበር ያሏቸው።

ተቺዎች ይህን ሁሉ የሕዝብ ሀብት ማባከን ይሉታል፤ የሚያነሡት ምሳሌም ብዙ ጊዜ የአላስካው ድልድይ ነው። በ2005ቱ የመንገድ ሕግ ኬቺካን ከተባለች ከተማ 50 ያህል ሰዎች ብቻ ወደሚኖሩባት የግራቪና ደሴት ለሚሠራ ድልድይ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመደበ፤ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በደሴቷ ላይ ቢሆንም ቁጣው ስለበረታ ድልድዩ ሳይሠራ ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው ምክር ቤቶቹ ከ2011 ጀምሮ ተወካዮች በስም የተለየ ወጪ በበጀት ሕግ ውስጥ እንዳያስገቡ የከለከሉት፤ ይኸው ወጪ በተለምዶ ኢርማርክ ይባላል።

ክልከላው የታሰበለትን ያህል ገንዘብ አድኗል ብዬ አላምንም። ኢርማርክ ከአጠቃላዩ የፌዴራል ወጪ አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም፤ ሲከለከልም ገንዘቡ ግምጃ ቤት አልቀረም፤ የት እንደሚውል የሚወስነው ሕዝብ የመረጠው ሰው መሆኑ ቀርቶ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ባለሥልጣን ሆነ። የዌስት ቨርጂኒያ ገበሬ ሴናተሩን በምርጫ ማውረድ ይችላል፤ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ግን ስሙን እንኳን አያውቀውም። በ2021 አሠራሩ ሲመለስ የተጨመሩት ደንቦች ናቸው እኔን ያስደሰቱኝ። ጠያቂው ጥያቄውን በስሙ ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል፣ እሱም ሆነ ቤተሰቡ የገንዘብ ጥቅም እንደሌላቸው በፊርማው ያረጋግጣል፣ ለትርፍ የቆመ ድርጅትም ገንዘቡን አያገኝም። በ2022 የበጀት ዓመት በዚህ መንገድ ለ4,963 ፕሮጀክቶች 9.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተመድቧል።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። በእኛ አገር ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ነው። ቀመር የሕዝብ ብዛትን ያያል፣ ድህነትን ያያል፤ በግሪን ባንክ አንድ ቴሌስኮፕ እንደፈረሰ ግን አያይም። ለዚያ አገሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ግን የሚሰማው በወንበሩ ላይ ስንት ዓመት እንደቆየ ታይቶ ከሆነ፣ ትናንት የተመረጠ ተወካይ ያለው ድሃ አውራጃ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። የበርድ ታሪክ እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ያን ሁሉ ያመጡት ብልህና ታታሪ ስለነበሩ ብቻ አይደለም፤ የኮሚቴው ሊቀመንበርነት በቆይታ የሚገኝ በመሆኑ እድሜ ጭምር ሠርቶላቸዋል።

ያመጡት ገንዘብም የዌስት ቨርጂኒያን ድህነት አላጠፋም፤ ዛሬም በገቢ ከአሜሪካ ዝቅተኛዎቹ ተርታ ናት። በርድ በ1953 ወደ ዋሽንግተን ሲገቡ በተወካዮች ምክር ቤት 6 መቀመጫ ነበራት፤ ሕዝቧ እየተሰደደ አሁን 2 ብቻ ቀርተዋታል። ከሰሉ ሲዳከም የጠፋውን ሥራ መሥሪያ ቤቶቹ በሙሉ ሊተኩት አልቻሉም። ሆኖም የክላርክስበርጉ ማዕከል ከ2,000 በላይ ሰዎች ደመወዝ የሚያገኙበት ነው፤ መሥራቹ ከሞቱ በኋላም አልተዘጋም።

ኮሪደር ኤች ግን ገና አላለቀም። በምዕራብ በኩል ተራራው እየተቆፈረ ነው፤ ከድንበሩ ወዲህ በቨርጂኒያ በኩል ያለው ክፍል ደግሞ እስካሁን አልተሠራም። ስመለስ መሽቶ ነበር፤ ከሰፊው ጎዳና ወርጄ ጠባቡ ላይ ስገባ እንደገና ፍሬን መያዝ ጀመርሁ።