የማይረጋው ዓረፍተ ነገር

የመታሰቢያ ሰሌዳ ጽሑፍ ማዘጋጀት ከውጭ ለሚያየው ቀላል ሥራ ይመስላል፤ መቶ ሃያ ቃል፣ አንድ ቀን፣ አንድ ፎቶግራፍ፣ ከዚያም ለቀራጩ ማስረከብ ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ ሰፈር የልጆች መጫወቻ፣ የመዝናኛ ማዕከልና የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ያዘጋጀሁት ሰሌዳ ከተሰቀለ ዓመታት ቢያልፉም፣ በመካከሉ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስሕተት የለበትም፤ የሚከነክነኝም ስሕተት ስለሌለበት ነው።

የመታሰቢያ ኮሚቴው በመጀመሪያው ቀን የሰጠኝ አንድ ማኅደር ነበር። በውስጡ የምረቃው ዕለት መርሐ ግብር፣ ሪባን ሲቆረጥ የሚያሳይ ፎቶግራፍና የኮሚቴው ሰብሳቢ የሕይወት ታሪክ ነበሩበት፤ የመጨረሻው ለምን እንደሚያስፈልገኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔም እንደ ልማዴ ከሩቅ ጀመርኩ። ለመጫወቻው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1885 የበርሊንን አርአያ ተከትሎ በቦስተን ለልጆች የተደፋውን የአሸዋ ክምር፣ በ1903 በኒው ዮርክ ሴዋርድ ፓርክ የተከፈተውን የከተማ አስተዳደር መጫወቻ፣ እንዲሁም አርክቴክቱ አልዶ ቫን አይክ ከ1947 ጀምሮ በአምስተርዳም ባዶ ቦታዎችና አደባባዮች ላይ የሠራቸውን ከ700 በላይ መጫወቻዎች ጠቀስኩ። ለመንሸራተቻው ደግሞ ከሁሉም የምወደውን ጆን ጋምጂን አመጣሁ። ሰውየው የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ሥጋ ሳይበላሽ ከሩቅ አገር በመርከብ የሚመጣበትን የማቀዝቀዣ ዘዴ ሲፈልግ፣ በ1876 ለንደን ውስጥ በማሽን የረጋ የመጀመሪያውን የበረዶ ሜዳ ከፈተ። ከኮንክሪቱ በላይ አፈር፣ የከብት ጸጉርና ጣውላ ደራርቦ፣ በዚያ ላይ የመዳብ ቱቦ ዘረጋ። የከብት ጸጉሩን በጣም ከመውደዴ የተነሣ ከመቶ ሃያው ቃል ዐሥራ ዘጠኙን ለእርሱ ሰጠሁ። ሰብሳቢው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። በዚህ ብቻ ትክክል ነበር።

ወደ ማሽን ክፍሉ የወረድኩት ለአንድ ፎቶግራፍ መግለጫ የሚሆን የኮምፕረሰር፣ ማለትም የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚጨምቀው ማሽን፣ ስም ፈልጌ እንጂ ታሪክ ፈልጌ አልነበረም። እዚያ ያገኘኋቸው የማቀዝቀዣ ባለሙያ ሜዳው ሲሠራ ረዳት ሆነው የገቡ፣ አሁን ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ነበሩ። ጥያቄዬን ሳይመልሱ ወንበር ሳቡልኝና፣ አሞንያ የተባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ጨው ውሃውን እንዴት እንደሚያቀዘቅዘው፣ ካልሲየም ክሎራይድ የተሟሟበት ያ ውሃ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ሆኖም ሳይረጋ በኮንክሪቱ ውስጥ በተቀበሩት ቱቦዎች እንዴት እንደሚዞር አስረዱኝ። ከቱቦዎቹ ሥር ከሙቀት መከላከያው በታች ሌላ የቱቦ መስመር እንዳለ፣ በእርሱም የሚዞረው ሞቅ ያለ ፈሳሽ መሆኑን ስሰማ መገረሜን አይተው ፈገግ አሉ። መሬቱ ከቀዘቀዘ ያብጣል፤ ካበጠ ወለሉን ከሥር ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ በረዶውን ለማቆየት ከሥሩ ያለው አፈር መሞቅ አለበት። ይህን ሰሌዳው ላይ ማስገባት እችል ነበር። አላስገባሁም።

ከዚያ መሳቢያ ከፍተው የተረኛ መዝገቡን አወጡ። ጠርዙ በማሽን ዘይት የጠቆረ፣ በየገጹ የቱቦው ሙቀትና የተረኛው ፊርማ የሰፈረበት ትልቅ ደብተር ነው። ጣታቸውን ያሳረፉበት መስመር «ውሃው ያዘ፤ ልጆች ገቡ» ይላል። ቀኑን በማኅደሬ ካለው መርሐ ግብር ጋር ሳስተያየው፣ ሪባኑ ከተቆረጠ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆኖ አገኘሁት።

«ታዲያ በምረቃው ዕለት ምን ነበር?» አልኳቸው።

«ውሃ ነበር» አሉኝ።

ነገሩ ለሙያው ሰው ግልጽ ነው። በረዶ በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ ወለሉ አስቀድሞ ቀናት ወስዶ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ውሃው እንደ ጉም እየተረጨ በስስ በስሱ ይደራረባል፤ ነጩ ቀለም ይቀባል፤ መስመሮቹ ይሰመራሉ፤ እንደገና ይረጫል፤ በመጨረሻ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይበቃዋል። የምረቃው ቀን ግን በበረዶው ሳይሆን በእንግዶቹ ፕሮግራም ስለተወሰነ፣ አንድ ሰው ቧንቧውን ክፈቱና ሙሉት የሚል ትእዛዝ ሰጠ። የዚያን ዕለት የተለቀቀው ውሃ ከላይ ስስ ቅርፊት ይዞ ከሥሩ ሳይረጋ ቀረ፤ ባለሙያዎቹም በኋላ ሁሉንም ጠርገው ከወለሉ ጀመሩ። ወደ ቢሮዬ ተመልሼ ፎቶግራፉን እንደገና ስመለከት ፊቴ ጋለ። ከዐሥር ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። በመንሸራተቻ ሜዳ ምረቃ ላይ ከተሰለፉት ሰዎች መካከል አንድም የመንሸራተቻ ጫማ ያደረገ የለም፤ ሁሉም የቆሙት በተነጠፈ ጣውላ ላይ ነው፤ የጣውላው ጠርዝም ርሷል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ባለሙያው መዝገባቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ሰብሳቢው ገጹን እንኳ ሳያይ፣ «እኛ የምናስበው ማዕከሉ የተከፈተበትን ቀን ነው፤ ማሽኑ የተስተካከለበትን ቀን አይደለም። ታሪክ የሚጀምረው ሪባን ሲቆረጥ ነው» አለ።

«እርስዎ ስለ ሪባኑ ትክክል ነዎት» አሉት ባለሙያው፣ በጣም ቀስ ብለው። «እኔ ስለ በረዶው ነው የመጣሁት። በዚያን ዕለት ሸርተቴ የነበረው ውጭ፣ ልጆቹ መጫወቻ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።»

ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሰብሳቢው አልሳቀም፤ ይልቁንም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጸሐፊው ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀኝ። መዝገቡን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፎቶግራፉም በእጄ ነው፤ የክፍያዬ የመጨረሻው ግማሽ ደግሞ በእርሱ ፊርማ የሚወጣ ነበር። «ሁለቱንም የሚያስማማ አገላለጽ ይገኛል» አልኩ። ይህን መልስ ከሰጠሁ ወዲህ በብዙ ስብሰባዎች ላይ ሌሎች ሰዎች ሲሰጡት ሰምቻለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ።

አገላለጹንም አገኘሁት። «የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳው በዚህ ዕለት ተመርቆ በዚያው ወቅት ለሕዝብ አገልግሎት በቅቷል።» «ወቅት» የምትለዋን ቃል ለማግኘት አንድ ሙሉ ምሽት እንደፈጀብኝ አልደብቅም። ሦስት ሳምንት በወቅት ውስጥ ይገባል፤ ከተፈለገ ሦስት ወርም ይገባል። ሰብሳቢው አንብቦ ቀኑን አገኘ፤ ፈረመ። እኔም በሙያዬ የኮራሁበት ቀን ነበር ብል አላጋነንኩም፤ እንዲያውም ረቂቁን ለባለሙያው ለማሳየት ራሴ ወደ ማሽን ክፍሉ ወረድኩ፤ ያመሰግኑኛል ብዬም ጠብቄ ነበር።

መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ኮምፕረሰሩ እየጮኸ ስለነበር ወረቀቱን መልሰው ሲሰጡኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ማለት ነበረባቸው።

«ልጄ፣ ይህ ዓረፍተ ነገርህ እንደ ጨው ውሃችን ነው፤ የፈለግከውን ያህል ብታቀዘቅዘው አይረጋም።»

ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም፤ ምናልባት ሥራው በኮሚቴ እንደሚወሰን ነግሬያቸው ይሆናል። ደረጃውን ስወጣ ግን ንግግሩ ስድብ መሆኑንና አለመሆኑን እያወጣሁ እያወረድኩ ነበር። ጨው ውሃ ስለማይረጋ አይደለም እንዴ ሜዳው የሚረጋው? እርሱ ቢረጋ ቱቦው ይደፈናል፤ ሥራውም ይቆማል። እንዲህ እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ ሙግቱ በማሽን ክፍሉ ደረጃ ላይ ያስኬዳል፤ መንገድ ላይ ስወጣ ግን አያዛልቅም።

የሰሌዳው ፊደላት መጠን በየትኛውም ስብሰባ ላይ አልተወሰነም፤ ሆኖም ተቀርጾ ሲመጣ የአንድ ሰው ስም ከሜዳው ስም ከፍ ብሎና ገዝፎ ተገኘ። የሚሰቀልበትን ቦታም ያው ሰው መረጠ፤ ተንሸራታቾች ሁሉ እንዲያዩት ከበረዶው ሜዳ አጠገብ ባለው ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ይሁን አለ። ባለሙያው ነሐስ እዚያ እንደሚያልበው፣ ከውጭ በኩል መግቢያው ላይ ቢሆን እንደሚሻል ነገሩት። አልሰማቸውም። ሰሌዳው ከተሰቀለበት ዕለት ጀምሮ ሕዝብ በበዛ ቁጥር ጉም ይለብሳል፤ ልጆች በጣታቸው ስማቸውን ይጽፉበታል፤ ከሥሩ ያለውን ለማንበብ መወልወል ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ ስቀበል ከማኅደሩ በፊት የማሽን ክፍሉን መዝገብ አያለሁ እያልኩ ለወጣት ባልደረቦቼ አስተምራለሁ። ባለፈው ጊዜ ስለ አንድ የመዋኛ ገንዳ ታሪክ እንድጽፍ ሲደወልልኝ ግን ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «የምረቃው ቀን መቼ ነው?» የሚል ነበር። የደወለችልኝ ቀድሞ በዚያ ማዕከል በጽዳት ትሠራ የነበረችና አሁን በገንዳው ቢሮ የተቀጠረች ሴት ስለነበረች፣ ስለ ባለሙያው ጠየቅኳት። ጡረታ ከወጡም በኋላ አንዳንድ ማለዳ እየመጡ ሰሌዳውን በጨርቅ እንደሚወለውሉ፣ የእኔን ዓረፍተ ነገር ግን ከእነጉሙ ትተውት እንደሚሄዱ ነገረችኝ። ሄጄ አላረጋገጥኩም።